በመልእክት ቋት ውስጥ የገባ እጅ

በዚያ ጠዋት የሕንፃችን ሊፍት ባይበላሽ ኖሮ አጎትና የእህት ልጅ አንገታቸውን እንደ ደፉ በየፊናቸው ይቀሩ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው ከሰው ተሸሽጎ ለማለፍ ሰፊ መንገድ ያስፈልገዋል፤ የእኛ ደረጃ ግን ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ሳይነካኩ አይተላለፉበትም።

ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስወጣ፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ባለው ማረፊያ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር አንድ አዛውንት ተቀምጠው አገኘሁ። ኮታቸውን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኑረዋል። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ ወልውለው ሲጨርሱ አያደርጉትም፤ እንደገና ይጀምራሉ።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ጉልበትዎ አስቸገረዎት እንዴ?» አልኋቸው።

«ጉልበቴስ ደኅና ነው፤ እንቢ ያለኝ ፊቴ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «በዚህ ፊት እዚያ ክፍል ልገባ? ጓዜን ልወስድ ነበር የመጣሁት። እዚህ ስደርስ እግሬ ተያዘ።»

ነገሩ ለእኔ ገብቶኛል። አንባቢም እንዲገባው በዋዜማው የሆነውን ማስረዳት ይገባኛል።

እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት የመመሪያ ጸሐፊ ነኝ፤ መሐንዲሶች የሠሩትን ሌላው ሰው አንብቦ እንዲረዳው አድርጌ እጽፋለሁ። እኒህ አዛውንት ደግሞ የቤቱ አንጋፋ መሐንዲስ ናቸው፤ ሁላችንም የምንተዳደርበትን ሥራ ብቻቸውን ጀምረውታል። የሠሩት አስመሳይ ነው። አስመሳይ የሚለው ቃል ለሰው ሲነገር ስድብ ነው፤ በእኛ ሙያ ግን ገና ያልተመረተን ቺፕ አሠራር በኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ማለት ነው። የእርሳቸው ፕሮግራም የሚያስመስለው የማኅደረ ትውስታን ሥራ ነው። ስሌቱን የሚሠራው የቺፑ ክፍል፣ ፕሮሰሰሩ፣ አንድ ቁጥር ሲፈልግ መጀመሪያ አጠገቡ ያለችውን ትንሽ መሸጎጫ ይጠይቃል። እሷ ዘንድ ካልተገኘ መሸጎጫዋ ወደ ዋናው ማኅደረ ትውስታ መልእክት ትሰዳለች። መልእክቱ በመንገድ ላይ ጊዜ ይፈጃል፤ ተራውን የሚጠብቅበትም ስፍራ አለው፤ ያን ስፍራ የመልእክት ቋት እንለዋለን። ቺፕ የሚሠሩ ደንበኞች ወደ ፋብሪካ ከመግባታቸው በፊት ወደ እኛ መጥተው «ይህን ብንሠራ ምን ያህል ይፈጥናል?» ብለው ይጠይቃሉ። አስመሳዩ ይመልስላቸዋል፤ እነሱም አምነው ይሄዳሉ።

አዛውንቱ በሥራ ቦታ «ጋሽ ቀጥታ» ይባላሉ። አንዱ የፕሮግራሙ ክፍል ከሌላው ክፍል ቋት ውስጥ ያለውን ነገር እንዴት እንደሚያገኝ የጠየቃቸው ሁሉ «ምን ያዞርሃል? ቀጥታ ግባና ውሰድ!» የሚል መልስ ነው የሚያገኘው። ስሙን በፊታቸው የሚጠራው የለም፤ እሳቸው ግን ያውቁታል፤ እንዲያውም ደስ ሳይላቸው አይቀርም ነበር።

በቅርቡ የታናሽ እህታቸው ልጅ ከእኛ ጋር ተቀጠረች። በእሳቸው ቤት ያደገች፣ መደመርና መቀነስን ከእሳቸው ጉልበት ላይ ሆና የተማረች ልጅ ናት፤ ኋላም በዚሁ ሙያ ከፍተኛ ትምህርት ተምራ በማዕረግ ወጥታለች። ጠረጴዛዋ ከአጎቷ ጠረጴዛ ብዙ አይርቅም።

በዋዜማው ደንበኞቻችን አዲሱን ናሙና ቺፕ ይዘው መጡ። ቺፑ እኛ ከተነበይነው በጣም የዘገየ ሆኖ ተገኝቷል። የክፍሉ ኃላፊ «ምክንያቱን ማን ያስረዳል?» ሲል ይህችው ምሩቅ የእህት ልጅ ብድግ አለች። የአጎቷን ኮድ በግድግዳው ላይ አብርታ፣ «ይህ ፕሮግራም ገና ያልደረሰ መልእክት ያነባል። ይህ ማስመሰል አይደለም፣ ጥንቆላ ነው» አለች። ከእንግዶቹ አንዱ ሳቀ። ሳቅ ይጋባል፤ የእኛም ሰዎች ሳቁ። አዛውንቱ ቦርሳቸውን ወንበር ላይ እንደ ረሳ ሰው ትተው ወጡ። ሲወጡ በሩን የዘጉት እንዳይሰማ አድርገው በዝግታ ነበር። ያ ዝግታ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ።

እነሆ አሁን ደረጃው ላይ እኔና እሳቸው ሳለን ከሥር የጫማ ድምፅ ተሰማ። ምሩቋ ናት። ቀና ስትል አየችን፤ ደረጃ መሐል ቆመች። መመለስ አልቻለችም፣ ከኋላዋ ሌሎች ሰዎች ይመጣሉ። ማለፍም አልቻለችም፣ አጎቷ ናቸው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ?» አለች በትንሽ ድምፅ፣ ከኋላዋ የመጡት ትከሻዋን እየነኩ ካለፉ በኋላ።

«ይመስገን። እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ትናንት ስገባ ግን አላናገረችኝም። ምግብ አቅርባልኝ ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

«እኔ አልነገርኳትም።»

«አውቃለሁ። ወሬ እግር አያስፈልገውም።» ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረች። «ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ፈልጌ ነው።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አደረጉና አዩዋት። «ስለ ምኑ? ያልሽው ውሸት ከሆነ ይቅርታ ጠይቂ። እውነት ከሆነ ደግሞ ስለ እውነት ይቅርታ አይጠየቅም። እስኪ የትኛው ነው?»

«እውነት ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይቅርታውን ተይውና ተከራከሪኝ። ትናንት ዕድል አልሰጠሽኝም።»

እኔ ደረጃውን ልቀጥል ስል «አንተ ተቀመጥ፤ ዳኛ ያስፈልገናል» አሉኝ። ተቀመጥሁ። ዳኛ ተባልሁ እንጂ፣ አንድ ቃል እንኳ የምፈርድበት አጋጣሚ አላገኘሁም።

«ያንን ፕሮግራም ስጽፍ» ብለው ጀመሩ አዛውንቱ፣ «አንዲት ሙከራ ለመጨረስ ኮምፒውተሩ ቀናት ይፈጅበት ነበር። እያንዳንዱ ክፍል በየበሩ እያንኳኳ፣ መልእክቱን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ እንዲሠራ ባደርገው ደንበኛው ተሰላችቶ ይሄድ ነበር። ቀጥታ መግባት ፈጣን ነው፤ ኮዱም አጭር ነው፤ አጭር ኮድ ደግሞ ስህተቱ ትንሽ ነው። ይህን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ።»

«እርስዎ ነዎት። አልረሳሁትም።»

«ታዲያ ማኅደረ ትውስታው የመሸጎጫዋን ቋት ገብቶ ቢያይ ማን ተጎዳ? ሁለቱንም የጻፍኳቸው እኔ ነኝ። የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የቤት ልጅ ጓዳ ለመግባት በር ያንኳኳል?»

«በፕሮግራሙ ውስጥ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፣ ጋሼ። በቺፑ ላይ ግን መሐላቸው ሽቦ አለ። በሽቦ ለማለፍ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል።»

«ጊዜውንማ አስቤዋለሁ!» ድምፃቸው ደረጃውን ሞላው። «እያንዳንዱ መልእክት የሚደርስበት ሰዓት ተጽፎበታል። ሰዓቱ ሳይደርስ ከቋቱ አይወጣም። ዘዴዬን ሳታነቢ ነው የተሳለቅሽብኝ?»

«አንብቤዋለሁ። አይወጣም፤ ይታያል ግን። ችግሩ ያ ነው። ማኅደረ ትውስታው ጥያቄ እየመጣበት እንደሆነ ከሩቅ ያያል፤ የሚፈለገው ቁጥር የተቀመጠበትን ረድፍ አስቀድሞ ከፍቶ ይጠብቃል። መልእክቱ በደንቡ ሰዓት ሲደርስ የሥራው ግማሽ አልቋል። እውነተኛው ቺፕ ገና መንገድ ላይ ያለውን ጥያቄ ከየት ያውቀዋል?»

«ያቺን መንገድ የከፈትኳት ቋቱ ሞልቶ እንደሆነ ለማየት ብቻ ነው። ከመቁጠር በቀር ምንም አላሰብኩም።»

«እርስዎ ለመቁጠር ከፈቱት። ቀጥሎ የመጣው መሐንዲስ የተከፈተ አገኘና አንገቱን አስገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ ጠቅልሎ ገባ። ረድፍ አስቀድሞ የሚከፍተውን ክፍል የጻፈው ማን እንደሆነ ዛሬ የሚያስታውስ ሰው የለም። ግን አልዋሸም፤ ከፊቱ ያገኘውን ነው የተጠቀመው።»

እዚህ ላይ ስለ ነገሩ አንድ ቃል ልናገር። ብዙ ሰው ስህተት የሚመጣው ከክፉ ሐሳብ ይመስለዋል። እኔ በሥራዬ ካየሁት፣ ትልልቁ ስህተት የሚመጣው ለበጎ ከተከፈተ፣ ግን ማን እንደሚገባበት ካልተወሰነለት ቀዳዳ ነው። የከፈተው ሰው የራሱን እጅ ያምናል፤ ከኋላው የሚመጣውን እጅ ግን አያውቀውም።

አዛውንቱ ከዚያ «ቃል ቃልን ይወልዳል እንጂ ክርክር አያልቅም። ማሽኑ ይፍረደን» አሉ። «በመሸጎጫዋና በማኅደረ ትውስታው መካከል ያለውን መንገድ አርዝሚው፤ አሥር እጥፍ አድርጊው። መንገዱ ሲረዝም ረድፉ የሚከፈትበት ሰዓት አብሮ ከዘገየ እኔ ልክ ነኝ፤ አንቺም እንግዶቹን ጠርተሽ ቃልሽን ታነሻለሽ። ካልዘገየ ግን...» አረፍተ ነገሩን ሳይጨርሱት ኮታቸውን ይዘው ተነሡ።

ወደ ሥራ ክፍላችን ገባን። ሰሌዳው ላይ ምሩቋ ትናንት ስታስረዳ የሣለችው ሥዕል ግማሹ ተጠርጎ ግማሹ ቀርቷል። የሥራ ባልደረቦቻችን ሲያዩን ራሳቸውን ከስክሪናቸው ጀርባ ደበቁ፤ ትናንት የሳቀ ሁሉ ዛሬ ሥራ በዝቶበታል። አዛውንቱ ወንበራቸው ላይ የተዉትን ቦርሳ አንስተው መሬት አስቀመጡና ተቀመጡ። ምሩቋ አጠገባቸው ቆመች። መንገዱን አሥር እጥፍ አስረዘመችና ሙከራውን አስጀመረችው።

ውጤቱ ወጣ። መልእክቱ በጣም ዘግይቶ ደርሷል። ረድፉ ግን የተከፈተው መንገዱ አጭር በነበረ ጊዜ በተከፈተበት በዚያው ሰዓት ነው።

«መቶ እጥፍ አድርጊው» አሉ።

አደረገችው። ረድፉ ንቅንቅ አላለም። መልእክቱ ገና ከደጁ ሳይርቅ፣ ማኅደረ ትውስታው በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

ሰው ሲያፍር ፊቱ ይቀላል ይባላል። የእሳቸው ግን አመድ መሰለ። እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሡ፤ የሌላ ሰው ዕቃ ነክተው እንደ ተገኙ ያህል ጭናቸው መሐል ወሸቁት።

«ከዚህ በፊት የመጡት ደንበኞችስ?» አሉ፤ ለማን እንደሚናገሩ አላወቅሁም። «ለእነዚያም ይኸው ነው የነገርኳቸው። አመስግነውኝ ነው የሄዱት። አንዱማ በየዓመቱ ‹ጤና ይስጥልኝ› እያለ ይደውልልኛል።» ከዚያ ወደ ምሩቋ ቀና አሉ። «ይህን ሙከራ እኮ ማንም ሊያደርገው ይችል ነበር። እኔ ራሴ በአንድ ከሰዓት ልሠራው እችል ነበር። አልሠራሁትም። ለምን ይመስልሻል? ቁጥሩ ያምር ነበራ! የሚያምር ቁጥር ማን ይጠረጥራል?»

ምሩቋ አሸንፋለች፤ ነገር ግን እንደ አሸናፊ አልቆመችም። ኋላ ነገሩ ሲወጣ ምክንያቱ ገባኝ።

አዛውንቱ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህን መቼ ነው ያወቅሽው?»

ዓይኗን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

«ስብሰባው ላይ ነው የገባሽ?»

«አይደለም።»

«ጠዋቱን?»

«ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ እምብዛም አይሰማም ነበር።

«ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ተቀምጠሽ?» ጠረጴዛዋን በአገጫቸው አመለከቱ። «በየጠዋቱ ‹እንደምን አደሩ› እያልሽኝ?»

የልጅቱ ጆሮዎች በርበሬ መሰሉ። ስክሪኖቹ ጀርባ ያሉት ሰዎች መስማታቸውን ታውቃለች፤ ቢሆንም አልሸሸገችም። «እዚህ ስቀጠር ‹በአጎቷ ነው የገባችው› ብለው አሙኝ። መጸዳጃ ቤት በር ላይ ቆሜ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስህተቱን ሳገኝ መጀመሪያ ልነግርዎ ተነሥቼ ነበር፤ ከወንበሬ ሁሉ ተነሥቻለሁ። ከዚያ አሰብኩ፤ ብነግርዎ ሁለታችን ቁጭ ብለን እናርመዋለን፣ ማንም አያውቅም፣ እኔም በአጎቷ የገባች እንደ ተባልኩ እቀራለሁ። ሰው በተሰበሰበበት ብናገር ግን... እንዲያዩኝ ፈልጌ ነው፣ ጋሼ። ሲስቁ ግን የታየሁት እኔ አይደለሁም። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።»



አዛውንቱ ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። «እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ፣ «እኔ ያልደረሰ መልእክት አነበብኩ፤ አንቺ ደግሞ የደረሰውን ይዘሽ ቆየሽ። ማን ማንን ይቅር እንደሚል እስኪ ንገሪኝ?»

ልታለቅስ ነበር፤ ግን ሳቅ አመለጣት፤ ከሳቁም በኋላ አለቀሰች። አዛውንቱ የኪሳቸውን መሐረብ አወጡና ሰጧት፤ ስትቀበላቸው ግን አሁንም ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ኀፍረት ሁለት ዓይነት ነው እላለሁ። አንዱ ሰውን ከደጁ የሚያስቀረው ነው፤ ጓዙን አስይዞ ይሰደዋል። ሁለተኛው ቁጭ አድርጎ ያሠራዋል። የትኛው እንደሚሆን የሚወሰነው ጥፋተኛው ብቻውን በመቅረቱ ወይም አብሮት የሚያፍር ሰው በማግኘቱ ነው። በዚያ ጠዋት አዛውንቱ ቦርሳቸውን ይዘው ያልሄዱት የልጅቱን ጥፋት ስለ ሰሙ ይመስለኛል።

«እስኪ ያንቺን አሳይኝ» አሉ። «የማላውቅ አይምሰልሽ፤ ሳምንት ሙሉ እጅሽን አጣጥፈሽ አልተቀመጥሽም።»

እውነትም አዲስ አሠራር ጽፋ ነበር። በእሷ ፕሮግራም ቋቶች ሁሉ ተዘግተዋል። ማንም የማንንም ቋት አያይም፤ እያንዳንዱ ክፍል አንድ መስጫና አንድ መቀበያ በር ብቻ አለው፤ መልእክት ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ በበሩ ይወጣል። ቋቱ መሙላቱንም ላኪው አጮልቆ አያይም፤ ተቀባዩ ራሱ «ቦታ አለኝ» ብሎ መልእክት ይሰድለታል፤ ያም መልእክት ጊዜ ይፈጃል።

አዛውንቱ አነበቡ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። «አሁን ሰዓቱን መሐል ላይ አቁሚው። አቆምሽው? ፕሮሰሰሩ ‹በዚህ ስፍራ ሰባትን ጻፍ› ብሎ አዝዟል። እስኪ ፕሮግራምሽን ‹በዚያ ስፍራ ያለው ቁጥር ስንት ነው?› ብለሽ ጠይቂው።»

ጠየቀችው። «ሦስት» አላት።

«ሦስት አሮጌው ነው። ሰባቷ የት ሄደች?»

ምሩቋ ስክሪኑን አየች። «ከመሸጎጫዋ ወጥታለች... ማኅደረ ትውስታው ጋ አልደረሰችም። መንገድ ላይ ናት። ቋቱ ውስጥ።»

«ቋቱን ደግሞ ለሁሉም ዘግተሽበታል። ስህተት ፍለጋ ሰዓቱን ያቆመ መሐንዲስ እውነቱን ከየት ያግኝ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።» ይህን ሲሉ ግን ድምፃቸው ውስጥ ድል አልነበረም። «እኔ የቀጥታን መንገድ የወደድኩት ለፍጥነት ብቻ አይደለም፣ ልጄ። ስንት ጊዜ የጠፋ ቁጥር እዚያ ውስጥ ገብቼ አግኝቻለሁ።»

«አላሰብኩትም» አለች። «ትናንት ያን ሁሉ ስናገር ይህን አላሰብኩትም። ‹ጥንቆላ ነው› ስል...»

«ተይው። አሁን አስቢው።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዚያ በፊት ግን ሰሌዳው ላይ የቀረውን የትናንት ሥዕል ልጅቱ ራሷ ተነሥታ ጠረገችው።

«ጥያቄው ‹ይታይ ወይስ አይታይ› አይደለም» አለች ቆይታ። «የሚያየው ማነው ነው። ማኅደረ ትውስታውም መሸጎጫዋም የቺፑ አካል ናቸው፤ ሰዓቱ ይገዛቸዋል። እነሱ በበር ይሂዱ፤ ጊዜውን ይክፈሉ። ስህተት የሚፈልገው መሐንዲስ ግን ከቺፑ ውጭ የቆመ ነው። እሱ ቢያይ የቺፑ ሥራ አይፈጥንም፣ አይዘገይምም። ለእሱ መስታወት እናብጅለት፤ ያያል፣ አይነካም።»

«መንካት ሲያስፈልገውስ? በሥራው መሐል አዲስ ቁጥር ስንጭን፣ የዚያ ስፍራ አሮጌ ቅጂ በቋት ውስጥ ካለስ? እኛ አዲሱን እንጽፋለን፤ አሮጌው ኋላ ይደርስና ያጠፋዋል።»

«እንግዲያው አንድ እጅ እንስጠው። ግን ሰዓቱ በቆመ ጊዜ ብቻ የሚሠራ። ቋቱን ሁሉ ዞሮ ቅጂውን በሙሉ የሚያርም። የቺፑ ክፍሎች ደግሞ ያን እጅ ሊጠሩት እንዳይችሉ እንቆልፈው።»

«መቆለፉ ቀርቶ ‹አትንኩ› ብለን በአደራ ብንተወው አይሆንም?»

«በአደራ አይሆንም፣ ጋሼ። በአደራ የከፈቱት ምን እንዳመጣ አይተናል።»

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። ቃሉ ጎድቷቸዋል፤ ትክክል መሆኑም ጎድቷቸዋል። «ይዘገያል ግን» አሉ፤ የመጨረሻ ክርክራቸው ነበረች።

«ይዘገያል። አልክድዎትም፤ ለክቼዋለሁ። በጠዋት የሚያልቀው ሙከራ ወደ ምሳ ሰዓት ይገፋል። ኮዱም ይረዝማል። ይህን ዋጋ እንከፍላለን። በፍጥነት የተሳሳተ መልስ ከመስጠት ግን ዘግይቶ ልኩን መስጠት አይሻልም? እርስዎ ይፍረዱ።»

አዛውንቱ ከዚያ ኮታቸውን ከጉልበታቸው አንስተው ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀሉት። «ፈርጃለሁ» አሉ። «ረትተሽኛል። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ቀጥታ የሚባል መንገድ የለም። ለእንግዶቹም እኔ ነኝ የምነግራቸው፤ አንቺ አይደለሽም፤ ኃላፊውም አይደለም።»

ሥራውን ሁለቱ አብረው ጨረሱት። እንግዶቹ በተጠሩ ዕለት ክፍሉ እንደ ባለፈው ሞልቶ ነበር። አዛውንቱ ቆሙ። የያዙትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«የሰጠኋችሁ ቁጥር ሐሰት ነበር» አሉ። «ሆን ብዬ አይደለም፤ ለሚጠነቀቅ ሰው ግን ስህተቱ ይገኝ ነበር። እኔ አልተጠነቀቅሁም። ይህ ከአዲሱ አሠራር የወጣው ነው።» ቁጥሩን ተናገሩ። ከቀድሞው በጣም ያነሰ ነበር።

ባለፈው የሳቀው እንግዳ አሁን አልሳቀም። «በእናንተ ቃል አንድ ዓመት ሠርተናል» አለ። «ያ ዓመትስ?»

«ለእሱ መልስ የለኝም» አሉ አዛውንቱ። «ቢኖረኝም አሁን ብናገረው ማምለጫ ይሆንብኛል።»

ያን ጊዜ ምሩቋ ተነሣች። «ባለፈው እዚህ ቆሜ ስናገር ስህተቱን ካወቅሁ ሳምንት ሆኖኝ ነበር» አለች። «ወዲያው ብናገር ኖሮ እናንተም ያን ሳምንት አትደክሙም፤ አጎቴም በእንግዳ ፊት አይዋረዱም ነበር። ይህ የእኔ ነው።» ሌላ ምንም ሳትጨምር ተቀመጠች።

የእንግዶቹ አለቃ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሴት፣ በናሙናው ቺፕ ላይ የለኩትንና አሁን የተነገራቸውን ቁጥር አስተያዩ።  «መጥፎ ቁጥር ነው» አሉ። «ግን የእኛው ቁጥር ነው። ቺፑ የነገረንም ይኸንኑ ነው። የት እንደዘገየ ልታሳዩን ትችላላችሁ?»

«አሁንማ እንችላለን» አሉ አዛውንቱ።

እርግጥ ነው፤ ይቻል ነበር። የአዲሱ አሠራር ጥቅም እዚህ ላይ ታየ። ቀድሞ አንድ መልእክት ሲጠፋ ቋቱን የነካው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፕሮግራሙ ሁሉ ይፈተሽ ነበር፤ አሁን በሩን ማየት ይበቃል። ቀድሞ አንዱን ክፍል ለመቀየር የሁሉንም ጓዳ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን በሩ እንደ ቀድሞው ከሆነ ከበሩ ጀርባ ያለውን መቀየር ይቻላል። ክፍሎቹ እጅ ለእጅ ስላልተያያዙም ሥራውን ለብዙ ኮምፒውተሮች አካፍለን የጠፋብንን ፍጥነት በከፊል መለስን። መስታወቱም አለ፤ ሰዓት ያቆመ መሐንዲስ የጠፋች ቁጥሩን መንገድ ላይ ሳለች ያገኛታል። እኔም መመሪያውን እንደገና ስጽፍ ቀድሞ «እንዳስፈላጊነቱ ይግቡ» ይል የነበረውን ምዕራፍ አውጥቼ ጣልሁት።

ኀፍረቱስ? ኀፍረቱ እንደ ኮድ አይታረምም። ምሩቋ እናቷን ይዛ አጎቷ ቤት ሄዳ ይቅርታ ጠይቃለች፤ ይቅርም ተብላለች፤ ነገር ግን ስብሰባ ላይ ከመናገሯ በፊት እስካሁን ዓይኗ ወደ አጎቷ ወንበር ይሄዳል። አዛውንቱ የቀድሞ ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ ራሳቸው ደወሉላቸው። በየዓመቱ የሚደውለው ሰው ከዚያ በኋላ አልደወለም። እሳቸውም አልወቀሱትም።

ጊዜው ሲደርስ ሁለተኛው ናሙና መጣ። እንግዶቹ ከማሻሻያችን በኋላ የሠሩት ቺፕ ነው። ለኩት፤ እኛ ከተነበይነው ጋር ገጠመ። ልዩነቱ ከፀጉር የቀጠነ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ጭብጨባ ሆነ፤ ያ የሳቀው እንግዳ መጥቶ የአዛውንቱን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፤ ምሩቋ ከደስታዋ ብዛት ተነሥታ ቆማለች።

አዛውንቱ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠበቁ።

«ቁጥሩ ያምራል፤ ደስ ብሎናል፣ አይደል?» አሉ።

«በጣም እንጂ፣ ጋሼ!»

«እንግዲያው እንደገና ይለካ።»